ልጅዎ ፖሊስ ጣቢያ ሲወሰድ፦ ከቃሉ በፊት ዕድሜው

የልጅዎ የክርስትና ካርድ አሁን የት ነው? የልደት ምስክር ወረቀቱስ? መልሱ ወዲያው ካልመጣልዎ ማንበቡን ያቁሙና ሣጥኑን ይክፈቱ፤ ጽሑፉ የትም አይሄድም።

ጎንደር ውስጥ ፍርድ ቤት ደጃፍ ጠረጴዛ ዘርግቼ ማመልከቻ ስጽፍ ዓመታት ቆጥሬአለሁ። ልጇ የተያዘባት እናት ነጠላዋን እየጎተተች ስትመጣ የመጀመሪያ ቃሏ «ልጄ አላደረገውም» ነው። የኔ የመጀመሪያ ጥያቄ ደግሞ «ስንት ዓመቱ ነው? በምን ያስረዳሉ?» የሚል ነው። ብዙዎች ይቆጣሉ። «እኔ ስለ ስርቆት ስነግርህ አንተ ስለ ልደት ትጠይቀኛለህ?» ያሉኝ እናት አሉ። እውነትም ያስቆጣል። ግን አደረገው አላደረገው የሚለው ሳምንታት ይፈጃል። ዕድሜው ደግሞ ዛሬውኑ ማን እንደሚጠይቀው፣ የት እንደሚጠየቅና የት እንደሚያድር ይወስናል።

እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ከታች የምጽፈው በሕጉ ላይ ያለውንና ከጠረጴዛዬ ላይ ሆኜ ያየሁትን ነው።

እርምጃ 1፦ ልጁ በየትኛው ዕድሜ እንደሚወድቅ ይለዩ

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ልጆችን በሦስት ይከፍላል።

9 ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም (አንቀጽ 52)። ድንጋይ ወርውሮ የመኪና መስታወት ቢሰብርም ጉዳዩ የቤተሰብ፣ የትምህርት ቤትና የአሳዳጊ ነው። ፖሊስ ጣቢያ ተቀምጦ ቃል የሚሰጥበት ምክንያት የለም፤ ይዘውት ወደ ቤት ይሂዱ። የተሰበረውን መስታወት መክፈል ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ ከወላጅ ኪስ ላይቀር ይችላል።

ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው «ወጣት ጥፋተኛ» ይባላል (አንቀጽ 53)። የአዋቂ ቅጣት አይቀጣም፤ ከአዋቂ ጋርም አይታሰርም። የአያያዙ ሥርዓትም የተለየ ነው፤ እርምጃ 3 ላይ በሰፊው እመለስበታለሁ።

15 አልፎት 18 ያልሞላው በመደበኛው ሕግ ይዳኛል (አንቀጽ 56)፤ ዳኛው ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል፤ ሞት አይፈረድበትም። ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «18 ስላልሞላው ምንም አይሆንም» ብሎ የ16 ዓመት ልጁን ያለ ምክር ይተወዋል። ይሆናል እንጂ!

የሚቆጠረው ድርጊቱ ተፈጸመ በተባለበት ቀን የነበረው ዕድሜ ነው፤ የተያዘበት ወይም ፍርድ ቤት የቀረበበት ቀን አይደለም። ልጁ 15 ሊያልፈው ወይም 18 ሊሞላው ጥቂት ቀን ከቀረው ይህ ብዙ ነገር ይለውጣል።

የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለዱ ብዙ ልጆች ያላቸው የክርስትና ካርድ ወይም የክትባት ካርድ ነው። የክርስትና ካርድ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ የተጻፈው ቀን የጥምቀቱ ከሆነ ልደቱ አይደለም። ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ስለሚጠመቁ ወደኋላ መቁጠር ያስፈልጋል። መጋቢት 20 የተጠመቀ ወንድ ልጅ የካቲት 10 አካባቢ ተወልዷል ማለት ነው። ይህን ዐቃቤ ሕግ ከመቁጠሩ በፊት እርስዎ ይቁጠሩት። ወረቀት ጨርሶ ከሌለ ፍርድ ቤቱ ሐኪም በራጅ ዕድሜ እንዲገምት ሊያዝ ይችላል፤ ግምት ግን ግምት ነው፤ ከተገኘ የትምህርት ቤት መዝገብም ይሻላል።

ሌላው ወጥመድ ልጁ ራሱ ነው። አዘዞ አካባቢ ባጃጅ የሚያጥብ አንድ ልጅ ለአሠሪው «18 ነኝ» ብሎ ነበር ሥራ የያዘው። ሲያዝም ያንኑ ደገመው፤ አሠሪው አጠገቡ ቆሟላ! መርማሪውም 18 ብሎ ጻፈ። እናቱ በፌስታል የተጠቀለለ የክርስትና ካርድ ይዘው እኔ ዘንድ ሲደርሱ ልጁ ከአዋቂዎች ጋር ሦስት ሌሊት አድሯል። በካርዱ 14 ዓመቱ ነበር። የጣቢያውን ስም ልተወው፤ ነገር ግን «መጀመሪያ ለምን አላመጡትም?» የተባሉት እናቱ ናቸው።

እርምጃ 2፦ ጣቢያ ሲደርሱ

የዕድሜውን ማስረጃ ዋናውንና ሁለት ኮፒ፣ የራስዎን መታወቂያ፣ እስክሪብቶና ወረቀት ይያዙ። ልጁ የሚውጠው መድኃኒት ካለ እሱንም።

መጀመሪያ ተረኛውን ያግኙና እነዚህን ይጠይቁ፤ መልሱን እዚያው ይጻፉት፦ በምን ተጠርጥሮ ነው የተያዘው? በስንት ሰዓት ነው የተያዘው? መርማሪው ማን ነው? የመዝገብ ቁጥር አለው? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ተጠርጣሪ ነው ወይስ ምስክር? ይህችን የመጨረሻዋን አይርሱ። «ለምስክርነት ነው፣ አሁን ይመለሳል» ተብሎ የሄደ ልጅ ማታ ተጠርጣሪ ሆኖ ሲገኝ አይቻለሁ። ምስክር ከሆነ ቃሉን ሰጥቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ካልተመለሰ ምስክር አይደለም።

ከዚያ የሚመጣው ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ንግግር ነው፦

«ልጄን ለማየት ነው የመጣሁ፣ ወንድሜ።»

«ቃሉን እየሰጠ ነው። ውጭ ይጠብቁ፣ እማማ።»

እዚህ ላይ አብዛኛው ወላጅ ውጭ ወጥቶ ግንቡ ሥር ይቀመጣል። አይቀመጡ፤ አይጩኹም። ድምፅዎን ዝቅ አድርገው ካርዱን ያውጡና ይበሉ፦ «እሺ፣ ወንድሜ። ግን ልጁ 13 ዓመቱ ነው፤ ካርዱ ይኸው። መርማሪው ይህን ሳያይ ቃሉን እንዳይጨርስ አደራ።» ኮፒውን ይስጡ፤ የተቀበለዎትን ሰው ስምና ሰዓቱን ይጻፉ። አብዛኛው ተረኛ ይህን ሲሰማ ተነሥቶ ይሄዳል፤ የልጅ ዕድሜ መዝገቡን እንደሚያበላሽበት ያውቃልና።

የተያዘ ሰው በቅርብ ዘመዱ፣ በሐኪሙ፣ በሃይማኖት አባቱና በጠበቃው የመጎብኘት መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 ተጽፎለታል። ልጅዎን ማየት መብት ነው፤ እንደ ልመና አይጠይቁት።

እርምጃ 3፦ ከ9 እስከ 15 ከሆነ፣ መጀመሪያ ፍርድ ቤት

ብዙ ሰው የማያውቀው፣ አንዳንዱ ደግሞ እንዳይታወቅ የሚፈልገው ድንጋጌ ይህ ነው። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 171 እስከ 180 ለወጣት ጥፋተኞች የተለየ ሥርዓት ያስቀምጣል። ቁጥር 172 እንደሚለው በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ወዲያውኑ በአቅራቢያው ወዳለው ወረዳ ፍርድ ቤት መወሰድ አለበት። የሚወስደው ፖሊስ ወይም ዐቃቤ ሕግ ሊሆን ይችላል፤ ወላጁ፣ አሳዳጊው ወይም የግል ተበዳዩም መውሰድ ይችላሉ። ዳኛው ያመጣውን ሰው ነገሩ ምን እንደሆነና ምስክር ካለ ጠይቆ ይመዘግባል። ምርመራው እንዴት እንደሚካሄድ ለፖሊስ መመሪያ የሚሰጠውም ዳኛው ነው።

ልብ ይበሉ፦ ቅደም ተከተሉ ፍርድ ቤት፣ ከዚያ ምርመራ ነው። በተግባር ብዙ ጊዜ ተገልብጦ ይሠራል። ልጁ ጣቢያ ይቀመጣል፣ ቃሉን ይሰጣል፣ ጣቱን ቀለም ነክሮ አሻራ ያኖራል፣ በሁለተኛው ቀን ፍርድ ቤት ይቀርባል። ይህ ሲሆን «ሕጉ እንዲህ አይልም» የሚል ሰው ከሌለ ማንም አያስቆመውም። የሚለው ሰው እርስዎ ነዎት።

ፖሊስ ካላቀረበው ራስዎ ወደ ፍርድ ቤቱ ይሂዱና ማመልከቻ ያስገቡ። ከጠረጴዛዬ ላይ የማይጠፋው እንዲህ ይላል፦

«ለ… ወረዳ ፍርድ ቤት። አመልካች፦ እገሊት፣ የልጁ እናት። ጉዳዩ፦ የ13 ዓመት ልጄ ፍርድ ቤት ሳይቀርብ በፖሊስ ጣቢያ ስለመያዙ። ልጄ እገሌ … ቀን … ሰዓት ላይ ተይዞ በ… ጣቢያ ይገኛል። ዕድሜውን የክርስትና ካርዱ ያስረዳል፤ ኮፒው ተያይዟል። በወ/መ/ሥ/ሥ/ሕ/ቁ 172 መሠረት ወዲያውኑ እንዲቀርብ፣ ምርመራውም ፍርድ ቤቱ በሚሰጠው መመሪያ እንዲካሄድ፣ ጉዳዩ በቀጠሮ የሚያድር ከሆነም ልጁ ለእኔ እንዲሰጠኝ አመለክታለሁ።»

ይህን ለማጻፍ ብዙ ገንዘብ አይክፈሉ፤ ለኔም ቢሆን። በእጅ ጽሑፍም ይሆናል።

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር በዘፈቀደ የገባች አይደለችም። ጉዳዩ ከተቀጠረ ወይም ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ከተላለፈ ልጁ የሚሰጠው ለወላጁ፣ ለአሳዳጊው ወይም ለዘመዱ ነው፤ እነሱ ከሌሉ ለታመነ ሰው። በቀጠሮው ቀን ይዞ መቅረብ የተረካቢው ኃላፊነት ነው። ስለዚህ በገጠር ያሉ ወላጆቹ እስኪደርሱ አክስቱ፣ የክርስትና አባቱ ወይም አከራዩ ሊረከቡት ይችላሉ። ይህ በተለይ ከወገራ፣ ከደንቢያ፣ ከአለፋ መጥተው ቀበሌ ውስጥ ተከራይተው ለሚማሩ ልጆች ይጠቅማል።

እርምጃ 4፦ ከ15 እስከ 18 ከሆነ፣ ቃሉ ላይ ይጠንቀቁ

የ16 ዓመት ልጅ በመደበኛው ሥርዓት ስለሚሄድ የሚከላከለው ሕገ መንግሥቱ ለማንም የተያዘ ሰው የሰጠው መብት ነው። የተያዘበትን ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ማወቅ፣ ዝም ማለት፣ የሚናገረው ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብበት እንደሚችል አስቀድሞ መስማት፣ እንዲያምን አለመገደድ፤ ሁሉም አንቀጽ 19 ላይ ናቸው። መርማሪው ከመጠየቁ በፊት ይህን መንገር ግዴታው መሆኑን የሥነ ሥርዓቱ ቁጥር 27 ይደግመዋል።

ወላጅ አብሮ ይገባል ወይ? ብለው ይጠይቁ፤ በጽሑፍም ይጠይቁ። የአገር ውስጥ ሥነ ሥርዓት ሕጉ ለዚህ ዕድሜ በግልጽ አይጽፈውም። ነገር ግን ኢትዮጵያ በ1984 በአዋጅ ያጸደቀችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት ልጅ የሚለው 18 ያልሞላውን ሁሉ ነው። ለተከሰሰ ልጅም የወላጅና የሕግ እርዳታን ይፈቅዳል። ስምምነቱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። ተከለከሉ? መከልከልዎን ከነሰዓቱ ይጻፉ፤ ዳኛ ፊት ይጠቅማል።

ልጁን ለማነጋገር አምስት ደቂቃ ካገኙ «ለምን አደረግኸው?» እያሉ አያባክኗት። ግድግዳ ጆሮ አለው። ይህን ብቻ ይንገሩት፦ ዕድሜህን እውነቱን ተናገር። ያልገባህን ጥያቄ አልገባኝም በል። መልስ መስጠት ካልፈለግህ «ጠበቃ ሳላገኝ አልናገርም» በልና ዝም በል። ያልተነበበልህ ወረቀት ላይ አትፈርም። ውሸት ግን አይምከሩት፤ የ16 ዓመት ልጅ ውሸት ከሁለተኛው ጥያቄ አያልፍም፤ ከዚያ በኋላ እውነቱንም የሚያምነው አያገኝም።

ስለ ወረቀቱ ትንሽ ልቆይ። መርማሪው የልጁን ቃል በራሱ አማርኛ ነው የሚጽፈው። ልጁ «ስልኩን ጓደኛዬ ሰጥቶኝ ኪሴ ከተትኩት» ሲል መዝገቡ ላይ «የግል ተበዳይን ስልክ በእጄ አስገብቻለሁ» ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች አንድ አይደሉም። ስለዚህ ልጁ በቀስታ እንዲነበብለት ይጠይቅ፤ የተሳሳተው ይታረም፤ እርማቱ ላይም ይፈርም። ባዶ መስመር የተተወበት ገጽ ላይ አይፈርም። አማርኛ በደንብ የማይሰማ ልጅ ከሆነ፣ ለምሳሌ ትግርኛ አፉን የፈታበት ከሆነ፣ አስተርጓሚ ይጠየቅለት።

እርምጃ 5፦ ሽማግሌው ሲመጣ

በኛ አገር ነገር ሽማግሌ ሳያየው አይቀርም፤ ደግም ነው። ቀላል ድብደባና ስድብ የመሳሰሉ በግል አቤቱታ የሚያስጠይቁ ነገሮች በእርቅ ሊያልቁ ይችላሉ። ግን አንድ ነገር አለ። ሽማግሌው ጣቢያ ድረስ መጥቶ «አንተ ልጅ፣ በቃ አምነህ ይቅርታ በል፤ ይለቁሃል» ይላል። ልጁ ያምናል፤ መርማሪው ይጽፋል። እርቁ ሲፈርስ፣ ወይም ነገሩ እንደ ስርቆት ያለ ተበዳዩ ቢተወውም ዐቃቤ ሕግ የሚቀጥለው ከሆነ፣ የይቅርታዋ ቃል የእምነት ቃል ሆና ትቀራለች። የስንቱን ልጅ መዝገብ ያከበደው ጠላቱ ሳይሆን አጎቱ ነው። እርቅ ከጣቢያ ውጭ፣ በወላጆች መካከል ይሁን፤ ልጁ ከቃል ሰጪነት ይቅር።

እርምጃ 6፦ ሰዓቱን ይቁጠሩ

የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ወደ ፍርድ ቤቱ ለመጓዝ አግባብ ባለው ግምት የሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ አይቆጠርም። ዓርብ ማታ በ4 ሰዓት ከተያዘ እሑድ ማታ በ4 ሰዓት ያልቃል። ቅዳሜና እሑድ አይቆጠሩም የሚል ነገር ሕገ መንግሥቱ ላይ የለም፤ ተረኛ ዳኛ እንዳለ ይጠይቁ። ከ9 እስከ 15 ላለው ልጅ ደግሞ ሕጉ የሚለው «ወዲያውኑ» ነው፤ 48ቱን ሰዓት እንደ ተፈቀደ ቀን አይቀበሉት።

ፖሊስ ለምርመራ ተጨማሪ ጊዜ ቢጠይቅ አንዱ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም። ይህ ዳኛ ፊት የሚቀርቡበት ዕድል ነው፦ ትምህርት እንደሚያመልጠው፣ ቋሚ አድራሻ እንዳለው፣ ዋስ እንዳዘጋጁ ይንገሩ። ቀላል ለሆነ ጉዳይ ፖሊስ ራሱ በዋስ ሊለቅ ይችላልና ፍርድ ቤት ሳይደርሱ ጣቢያውንም ይጠይቁ። ጊዜው አልፎ ካልቀረበ አካል ነጻ የማውጣት አቤቱታ አለ፤ ያለ ሕግ የተያዘ ሰው እንዲለቀቅ ፍርድ ቤትን መጠየቅ ማለት ነው።

የሚያድርበትን ክፍል ያረጋግጡ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ጥፋተኛ ልጆች ከአዋቂዎች ተለይተው እንዲያዙ ያዛል። «ክፍል የለንም» ከተባሉ የክፍል ማጣት ልጁ ለወላጁ እንዲሰጥ ምክንያት ነው፤ ከአዋቂ ጋር እንዲያድር አይደለም። ይህንኑ ለዳኛው ይናገሩ።

እርምጃ 7፦ ተመትቶ ከሆነ

ፊቱን ብቻ አይዩ። የውስጥ እግሩን፣ መዳፉን፣ ጆሮው ሥር ይዩ። ሸሚዙን እንዲያወልቅ ይጠይቁት። ምልክት ካለ ከቀኑ ጋር ፎቶ ያንሱ፤ ዳኛ ፊት በቀረበበት በመጀመሪያው ቀን ልጁ ራሱ ወይም እርስዎ ይናገሩ፤ ሐኪም እንዲያየው ይታዘዝ በሉ። በሳምንቱ ሲነገር ሰንበሩ ጠፍቷል፤ «ለምን ያኔ አልተናገራችሁም?» መባልም አለ።

በማስገደድ የተገኘ ቃል ማስረጃ ሆኖ አይቀርብም። መምታት ብቻ አይደለም፤ «ካመንክ ማታ ቤትህ ታድራለህ» የሚል ተስፋም በሥነ ሥርዓቱ ቁጥር 31 የተከለከለ ነው። በልጅ ላይ ከዱላው ይልቅ የሚሠራው ይኸኛው ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 424 ይህን የሚፈጽም ሹም ራሱ እንዲቀጣ ይደነግጋል። ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 18 ደግሞ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም አይታገድም።

እርምጃ 8፦ ችሎት

ከ9 እስከ 15 ያለው ልጅ ጉዳይ የሚታየው በዝግ ነው። ምስክር፣ ባለሙያ፣ ወላጅ ወይም አሳዳጊ እና የበጎ አድራጎት ድርጅት ወኪል ካልሆነ ማንም አይገባም፤ የሰፈር ሰው ሰብስበው አይምጡ። የሚወክለው ወላጅ ወይም አሳዳጊ ካልመጣ፣ ወይም ክሱ ከ10 ዓመት በላይ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ጠበቃ ያቆምለታል። በሌላው ጉዳይ ተከላካይ ጠበቃ ይጠይቁ፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት የሚሰጠውን ነጻ የሕግ ድጋፍም ይሞክሩ።

ዳኛው ስለ ልጁ ጠባይ፣ ትምህርትና ኑሮ ከወላጅና ከትምህርት ቤት መጠየቅ ይችላል። የክፍል ኃላፊ መምህሩን ይዘው ይሂዱ። አንድ መምህር መጥቶ «ከሁለት ሳምንት በፊት ነው መቅረት የጀመረው፤ እናቱ የታመሙ ጊዜ» ሲል የሚሠራውን ሥራ አሥር የሰፈር ምስክር አይሠራውም።

ጥፋተኛ ቢባል በዚህ ዕድሜ የሚወሰነው ወቀሳ፣ በትምህርት ቤት ወይም በቤት ተወስኖ መቆየት፣ በቅርብ ክትትል ሥር መማር፣ ሕክምና ወይም ጠባይ ማረሚያ ተቋም መግባት ሊሆን ይችላል። የመጨረሻው ለጎንደር ልጅ ከባድ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ስሙ የሚነሣው የልጆች ተቋም ያለው አዲስ አበባ ነውና። ስለዚህ ክትትሉን ቤት ሆኖ ማን እንደሚሠራው አስቀድመው ያስቡና ስሙን ለዳኛው ይዘው ይቅረቡ። ትእዛዙ ከተሰጠ በኋላም አልተዘጋም፤ በሥነ ሥርዓቱ ቁጥር 180 መሠረት ልጁ፣ ወኪሉ ወይም የተረከበው ሰው እንዲለወጥ ማመልከት ይችላል። ሪፖርት ካርድ በወጣ ቁጥር ኮፒውን ያስቀምጡ፤ ከማመልከቻው ጋር የሚያያዘው እሱ ነው።